እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን፣ ያውም ለብቻዋ፤ ከባሕር ዳር ቦሌ ድረስ ምን ይጠብቃታል?

ደንገል

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ የምጽፈው እምብዛም ነው፤ ሌሎች ሲከራከሩ ማንበብ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ ግን ጉዳዩ የራሴ ሆነ።

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ አያት ነው የምትኖረው። ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሚሞላት የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ነው። እናቴ ዘጌ ተወልዳ፣ ባሕር ዳር ልጆች አሳድጋ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ የልጅ ልጄ ክርስትና ስትነሣ ካልተገኘሁ ብላለች። እስካሁን አዲስ አበባ የምትሄደው በአውቶቡስ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ደብረ ማርቆስ ምሳ ተበልቶ፣ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ ወጥቶ፣ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሲመሽ መድረስ ማለት ነው። ጉልበቷ ግን ከአምና ወዲህ እምቢ ብሏል። ሐኪሙም ረጅም ሰዓት ተቀምጣ እንዳትጓዝ ነግሯታል። ስለዚህ በአውሮፕላን ትሄዳለች። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሳምንቱ የፈተና ስለሆነ አብሬያት መሄድ አልችልም። ለብቻዋ ናት።

ጥያቄዬ ስለ አየሩ አይደለም፤ አየር ላይ የሚሆነውን እግዚአብሔርና አብራሪው ያውቁታል። የምፈራው ምድሩን ነው። ከቤት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በምን ልውሰዳት? ከፍተሻው በኋላ እኔ ከኋላ ስቀር ማን ያሳያታል? ቦሌ የአገር ውስጥ መንገደኞች ተርሚናል ከታደሰና ከሰፋ ወዲህ አላየሁትም፤ በጣም አምሯል፣ ሰፊ ነው ይሉኛል። ለእኔ እናት ሰፊ ማለት ጥሩ ዜና አይደለም። ፊደል አልቆጠረችም፤ ምልክት ማንበብ አትችልም። ስልኳ ባለቁልፍ ነው፤ አረንጓዴውን ተጭና ታነሣለች እንጂ ሌላውን አትነካም።

ያያችሁትን ንገሩኝ። ማጽናኛ ሳይሆን ያያችሁትን።

ሽምብጥ

እህቴ፣ ትኬቱን ስትቆርጪ «ዊልቸር ያስፈልጋታል» ብለሽ አስመዝግቢ። የበረራው ዕለት ጠዋት የሚጠየቅ ነገር አይደለም፤ ቀደም ብሎ በስሟ መያዝ አለበት። እናቴን ባለፈው ዓመት እንዲሁ አድርጌ ልኬያታለሁ። «እኔ ሽባ አይደለሁም» ብላ ግማሽ ሰዓት ተቆጥታኛለች። ዊልቸሩ ግን ለጉልበት ብቻ እንዳልሆነ ንገሪያት። የሚገፋው ሰው ማንበብ ይችላል። ከባሕር ዳሩ ካውንተር እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ አንድ ሰው ይወስዳታል፤ ቦሌ ላይ ሌላው ተቀብሎ እህትሽ እጅ ያስረክባታል። የአንቺ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ላይ አለቀ።

ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መታወቂያዋን አትርሱ፤ ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር በፊደል በፊደል ይመሳሰል።

ቆረሶ

ሽምብጥ ስለ ሁለት ሰዓት ሲያነሣ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። ትኬቴ ላይ 07:10 ይላል። እኔ ሞኙ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከዐሥር መስሎኝ ጠዋት ተነሥቼ ገበያ ሄድኩ፤ ለወንድሜ ጥብስ የሚሆን ዓሣ ገዛሁ፤ አስጠረግሁ፤ ተረጋግቼ ቁርስም ምሳም የሚሆን ፍርፍር በላሁ። አምስት ሰዓት ላይ «ዛሬስ ቀድሜ ደረስሁ» ብዬ እየተደሰትሁ በሩ ላይ ስቀርብ ጥበቃው ወረቀቴን አይቶ፣ ከዚያ እኔን አይቶ፣ ከዚያ ዓሣውን አይቶ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄዷል» አለኝ።

ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስድስት ቀንሺ። 07:10 ማለት ጠዋት 1:10 ነው፤ 13:30 ማለት ከቀኑ 7:30 ነው። ለእናትሽ በእኛው ሰዓት ንገሪያት፤ ለእህትሽም በእኛው ሰዓት ደግመሽ ንገሪያት፤ አዲስ አበባ የኖረ ሰውም ይሳሳታል። (ዓሣውን ጥበቃዎቹና እኔ በላነው።)

የቦሌ ተመላላሽ

ልብስ ነጋዴ ነኝ፤ በወር ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የባሕር ዳሩ ለእናትሽ አያስቸግርም። ከመግቢያው እስከ ካውንተሩ በዓይን ይታያል፤ የጠፋ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጣራ ይሰማል። መንገደኛው ራሱ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ግማሹ የሰው ሐዘን የሚሄድ፣ ግማሹ ሠርግ የሚሄድ፣ የቀረው እንደ እኔ ነጋዴ ነው። እናትሽ እዚያ ቁጭ ብትል ከሩብ ሰዓት በኋላ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ታገኛለች።

የታደሰው የቦሌው የአገር ውስጥ ተርሚናል ግን ሌላ ዓለም ነው። ጣራው ከፍ ያለ፣ ብርሃኑ የቀን ብርሃን የሚመስል፣ ወለሉ የሚያበራ ነው። እኔ መጀመሪያ ስገባ ወደድሁት፤ አሁንም እወደዋለሁ፤ ቀድሞ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን የምንጠብቅበትን ዘመን የሚናፍቅ ሰው አላውቅም። ነገር ግን አንድ ቀን ከፊቴ ከገጠር የመጡ እናት ነበሩ። ወለሉ ላይ መብራቱ ሲያንጸባርቅ ውሃ የፈሰሰበት መሰላቸው፤ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ቆሙ። ከኋላ ሰው ይመጣል፣ ሻንጣ ይመጣል፣ እሳቸው ቆመዋል። እጃቸውን ይዤ «እማማ፣ ደረቅ ነው» ስላቸው በጫማቸው ጫፍ ነክተው አረጋገጡና ሳቁ። ይህን የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም። ቀድመሽ ንገሪያት ለማለት ነው። ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ «ወለሉ ያብለጨልጫል፣ ውሃ ግን አይደለም» የሚለው ይጠቅማታል።

ከአውሮፕላኑ ወርዳ በቀጥታ ሕንፃው ውስጥ ትገባለች ብለሽ እንዳትጠብቂ። ከባሕር ዳር የሚበረው ብዙ ጊዜ ያ ባለሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ኪው 400 ነው፤ በደረጃ ወርዶ በአውቶቡስ ወደ ተርሚናሉ መሄድ የተለመደ ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃ የሚያጋጥማት ከሆነ ደግሞ በፍጹም አትሞክረው፤ ሊፍት ይጠይቁላት።

ነጭ ሽንኩርት

ሁሉም ስለ ቦሌ ያወራል። የእኔ ቅሬታ እዚሁ ነው። ባለፈው ከአዲስ አበባ ስመለስ ያረፍኩበት ሆቴል (ስሙን አልጠራም፤ ሐይቁ ዳር ካሉት አንዱ ነው) «መኪና እንልካለን» ብሎኝ ነበር። አልላከም። ስደውል «ሾፌሩ መንገድ ላይ ነው» ይሉኛል፤ የቱ መንገድ ላይ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሃምሳ ደቂቃ ቆምሁ። በኋላ አንድ ባጃጅ ያዝሁ፤ የጠራብኝን ዋጋ ስሰማ ከአውሮፕላኑ ትኬት ላይ ተቀናሽ የሚሆን መሰለኝ። ከከተማው እስከዚያ ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው! ባጃጅ ነጂዎች ከሻንጣ ላይ የአየር መንገድ ወረቀት ሲያዩ ልባቸው ይለወጣል።

ባለሦስት እግር

ነጭ ሽንኩርት፣ ባጃጅ ነጂ ነኝና ልመልስልህ። ተናድጄ አይደለም።

አውሮፕላን ሲመጣ እኛ ሰዓት አናይም፤ እንሰማለን። ኪው 400 ከሆነ ገና ከሩቅ ክንፉ ሲያጉረመርም ይታወቃል፤ ቦይንግ ከሆነ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሰውም ብዙ ይወርዳል። ቦይንግ ሲመጣ ከከተማ ሃያ ባጃጅ ይሮጣል። ኪው 400 ሲመጣ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ዘመድ አለው፣ ሆቴል መኪና ይልካል (ላንተ አልላከም እንጂ)፣ እኛ ሁለት ሦስት ሰው እናገኛለን። የቀረነው ባዶአችንን እንመለሳለን። ባዶ መመለስ ቤንዚን ይጠጣል። ቤንዚን ደግሞ በሰልፍ ነው የሚገኘው፤ ሌሊት ተሰልፌ የቀዳሁትን ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ ሳፈስ እንዴት እንደሚሰማኝ አስበው። ዋጋው የሚንረው ከዚህ ነው። ልበ ቀና ያልሆነ ነጂ የለም አልልም፤ አለ፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ እሱም ራሱን ያውቃል።

ደንገል፣ ለአንቺ የምለው ይህ ነው። ከመንገድ ዳር ባጃጅ አታስቁሚ። ሠፈርሽ ውስጥ የምታውቂውን ነጂ ማታውኑ ተነጋግረሽ ኮንትራት ያዢ፤ ዋጋውን ሻንጣው ከመጫኑ በፊት ጨርሱ። ስንት እንደሆነ እዚህ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ዛሬ የጻፍሁት በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል። እናት ከሆነች ደግሞ ፍጥነት መቀነሻው ላይ ቀስ እንዲል ንገሪው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ባጃጅ ከሚኒባስ ይሻላል፤ መግቢያው ዝቅ ያለ ነው፣ እግር ማንሣት አይጠይቅም። ሰው ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሠፈሬ ፋሲሎ ነው።

ነጭ ሽንኩርት

ስለ ሰልፉ አላሰብሁም ነበር። ግን የእኔው ነጂ ከጠራው ላይ አንድ ብር አልቀነሰም፤ ይህንንም መዝግብልኝ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ ደንገል፣ የብዕር ስምሽን ወደድሁት። ታንኳ የሚሠራበት ሣር ነው፤ ቀላል ነው ግን ይሸከማል።

እኔ ባሕር ዳርን መጀመሪያ ያየሁት ከአየር ላይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ፔዳጎጂ አካዳሚ ተመድቤ ስመጣ የተሳፈርሁት ዳኮታ ነበር። ዛሬ ወጣቶቹ «ፔዳ» የሚሉት ግቢ ስሙ ከዚያ የቀረ ነው፤ በኋላ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስንወርድ ሻንጣችንን ከአውሮፕላኑ ሆድ ሲያወጡ እዚያው ቆመን በእጃችን ነበር የተቀበልነው። ተርሚናል የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም፤ ጥላ ትዝ ይለኛል። ወደ ከተማ የወሰደኝ ሰው ሻንጣዬን ብስክሌት ላይ አስሮ እኔን በእግር ያስከተለኝ ነው። ባሕር ዳር ያን ጊዜም የብስክሌት ከተማ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላኑ ጉዞ አጠረ፣ ማረፊያው አማረ፤ «ከዚያ በኋላስ በምን እንሂድ?» የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም እዚያው ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ለነጂውም ለእህትሽም ይጠቅማል። የማረፊያው ስም ተለውጧል። ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል ነበር፤ ዛሬ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው። በላይ ጣሊያንን አምስት ዓመት ጎጃም ውስጥ ሲዋጋ የኖረ አርበኛ ነው፤ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ጎጃሜ ሁሉ ስሙን ያውቃል። ይሁን እንጂ አንዳንድ የስልክ ካርታ አሮጌውን ስም ይጽፋል። ከተማው ውስጥ ደግሞ በላይ ዘለቀ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ስለዚህ እንግዳ ሰው በስሙ ብቻ ቢጠይቅ ሌላ ቦታ ሊወስዱት ይችላሉ። «አውሮፕላን ማረፊያ» በሉ፤ ያ ከሁሉም ስም በፊት የነበረ ስም ነው።

ከሚኒሶታ

እኔ የመጣሁት ከውጭ ነው፤ የእናንተ ጉዞ ለእኔ የመጨረሻዋ ቁራጭ ናት። ሆኖም ያደከመችኝ እሷ ነበረች። ቦሌ ተርሚናል ሁለት ላይ ወርጄ፣ ፓስፖርት አስመትቼ፣ ወደ አገር ውስጡ ተርሚናል መሻገር ነበረብኝ። ሕንፃዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሩቅ አይደለም፤ ግን አሥራ አምስት ሰዓት ለተቀመጠ እግርና ሁለት ልጅ ለያዘች ሴት ጎን ለጎን የሚባል ነገር የለም። እንደኔ የምትመጡ ካላችሁ ሻንጣችሁ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ተጽፎ እንደሆነ ገና ከመነሻችሁ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ባሕር ዳር ከደረስሁ በኋላ ግን ያለቀስሁት የዓባይ ድልድይ ላይ ነው። ማታ ነበር። ልጅ ሆኜ የማውቀው አሮጌው ድልድይ ጠባብ ነበር፤ መኪና ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነበር። አዲሱ ግን በገመዶቹ ላይ መብራት በርቶ፣ ሰው በእግሩ እየተንሸራሸረ፣ ልጆች ቆመው ፎቶ ይነሣሉ! ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቤት ስትሄዱ ልታዩት ይገባል።

ሽምብጥ

ከሚኒሶታ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ግን ሰው እንዳይሳሳት፦ ድልድዩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ በሚመጣው መንገድ ላይ አይደለም። ማረፊያው በምዕራብ በኩል ነው፤ ድልድዩ በጎንደር መውጫ። አንቺ ያለፍሽው ቤተሰቦችሽ ወዲያ ማዶ ቢሆኑ ነው።

ከሚኒሶታ

ልክ ነህ፣ ዘንዘልማ ናቸው። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ነው የሄድሁት። ለካ ለዚህ ነው የታክሲው ሰውዬ ያን ያህል የጠየቀኝ።

ባለሦስት እግር

ዘንዘልማ ከሆነ ሰውዬው አልበደለሽም።

ጡረተኛው መምህር

ስለ ድልድዩ ከተነሣ፦ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። አሮጌው ከ60 ዓመት በላይ አገልግሏል። ፎቶ መነሣት ከሚቻልበት ዘመን ደርሰን እኔም ተነሥቻለሁ፤ በሰባ አምስት ዓመቴ፣ ብስክሌቴን ተደግፌ።

የዓሣ ሾርባ

ከርዕሱ ልውጣና፦ ጣናን ከአውሮፕላን ለማየት በግራ ነው ወይስ በቀኝ መቀመጥ ያለብኝ?

ቆረሶ

በቀኝ።

የቦሌ ተመላላሽ

በግራ። ሃምሳ ጊዜ በርሬያለሁ።

ቆረሶ

እኔ ሦስት ጊዜ ነው የበረርሁት፤ ሦስቱንም በቀኝ አይቻለሁ።

ባለሦስት እግር

እኔ አንድም ጊዜ አልበረርሁም፤ ግን ከታች ሆኜ አያለሁ። ነፋሱ ወደሚመጣበት ዞሮ ነው የሚያርፈውም የሚነሣውም። አንዳንድ ቀን ከሐይቁ በኩል ዝቅ ብሎ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ከወዲያኛው ወገን። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ደንገል

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዊልቸሩን አስመዝግቤያለሁ። የበረራውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጽፌ ለእህቴ ልኬያለሁ፤ «ይህን አውቃለሁ» ብላ ተቆጣች፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደውላ «ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» አለችኝ።

አሁን የቀረኝ የሻንጣው ነገር ነው። እናቴ የምትወስደውን ልዘርዝርላችሁ፦ ለአራሷ ገንፎ የሚሆን የተነጠረ ቅቤ፣ ማር፣ የገብስ ዱቄት፣ ድርቆሽ፣ የዘጌ ቡና፣ በርበሬ። በእጇ ልትይዘው የምትፈልገው ደግሞ አንድ ሃይላንድ ጠበል ነው። «ከእጄ አይለይም» ትላለች። ይቻላል?

የቦሌ ተመላላሽ

ቅቤውም ማሩም ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግባ፤ በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ነው፤ እሱም ለነጠላዋና ለምሳዋ ይበቃል። ቅቤውን በጣሳ ሳይሆን ክዳኑ በሚጠብቅ ፕላስቲክ አድርጊው፤ ሁለት ጊዜ በፌስታል ጠቅልለሽ በልብስ መሃል አስቀምጪው። እኔ አንድ ጊዜ የሰው አደራ ቅቤ በአዲስ ሸሚዞች ላይ ፈስሶብኝ ከነሽታው በቅናሽ ሸጥሁት።

ጠበሉን ፍተሻ ላይ የሚያሳልፏት ይመስለኛል ብለሽ በአደራ አትላኪያት። እሱም ታሽጎ ወደ ሻንጣው ይግባ። ካልሆነ በሩ ላይ እንባ ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር

ጠበል በሻንጣ ቢሄድ በረከቱ አይቀንስም። እኔ ነኝ ያልኩት ብለሽ ንገሪያት፤ የዲያቆን ልጅ ነኝ።

ደንገል

ሄደች። ደረሰች። ቃል ስለገባሁ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ረዘመ ብላችሁ አትቆጡኝ።

ባለሦስት እግር ራሱ ነው የወሰደን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በር ላይ ነበር፤ ወንበሩ ላይ የታጠበ ምንጣፍ አንጥፎ። እናቴ ገና እግሯን ሳታስገባ የክርስትና ስሙን ጠየቀችው፤ ነገራት፤ እስከ ማረፊያው ድረስ በየመቀነሻው እየመረቀችው ሄደች። ዘንባባዎቹ ገና በጨለማ ውስጥ ነበሩ። ዋጋውን ከተነጋገርነው በላይ ልጨምርለት ብል «ምርቃቱን ተቀብያለሁ» ብሎ እምቢ አለ።

ተርሚናሉ ውስጥ እስከ ፍተሻው አብሬያት ነበርሁ። ዊልቸሩን ይዞ የመጣው ልጅ ጨዋ ነው፤ «እማማ» እያለ ነው የሚያናግራት። መጀመሪያ ልትቀመጥ እምቢ አለች። «የሚገፋው ማንበብ ይችላል» የሚለውን የሽምብጥን ቃል ስነግራት ዝም ብላ ተቀመጠች። ያ ቃል ለእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ፍተሻው ላይ የሆነውን በመስታወቱ በኩል አየሁት። ምርኩዟን ተቀብለው ማሽኑ ላይ አስተኙት፤ ጥቁሩ መጋረጃ ውስጥ ገባ። እናቴ ከወንበሯ ልትነሣ ሞከረች። በኋላ በስልክ ስትነግረኝ «በላው ብዬ ነው» አለችኝ። ምርኩዙ የአባቴ ነው፤ ከወይራ ራሱ የጠረበው። በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፤ ስማ ጭኗ ላይ አጋደመችው። ፈታሿ ልጅ ፊቷን አዙራ ስትስቅ አየኋት። ከማተቧ ላይ ያለችውን የብር መስቀል ግን አላስወለቋትም። እኔም እዚያ ላይ ተመልሼ ወጣሁ።

የቀረው የእሷ ቃል ነው። ከጎኗ የተቀመጠ ወጣት ቀበቶዋን አሰረላት። ሲነሣ ዐይኗን ጨፍና እመቤቴን ስትጠራ ቆየች፤ ስትከፍተው ደመና ብቻ ነው። ጣናን አላየችም፤ ስለዚህ ቆረሶና የቦሌ ተመላላሽ ክርክራችሁ አሁንም ክፍት ነው። አስተናጋጇ ውሃ ስትሰጣት መቀነቷን ፈትታ ብር አወጣች። «ነፃ ነው» ሲሏት አላመነችም። ወጣቱ ሁለት ጊዜ ካረጋገጠላት በኋላ ነው ብሩን መልሳ የቋጠረችው።

ቦሌ ከአውሮፕላኑ አውርደው አውቶቡስ ላይ ሲያሳፍሯት ወደ እህቴ ቤት የሚወስዳት መሰላት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሲቆምና ውረዱ ሲባል «አያት ይህን ያህል ቅርብ ነው?» አለች። ከዚያ ተርሚናሉ ውስጥ ገቡ። ስለ ወለሉ ቀድሜ ነግሬያት ስለነበር አልደነገጠችም፤ እንዲያውም የሚገፋትን ልጅ «ውሃ እንዳልሆነ አውቃለሁ» ብላዋለች። ስለ ሕንፃው ምን አየሽ ስላት «ንጹሕ ነው፤ ግን ዕጣን አይሸትም» ነው ያለችኝ። ለእሷ ጣራው ያን ያህል ከፍ ያለ ቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

እህቴ መውጫው ላይ ተቀበለቻት። እዚህ ላይ ነው እኔ ያልጠበቅሁት። ከባሕር ዳር ቦሌ አንድ ሰዓት ነው የፈጀው። ከቦሌ አያት አንድ ሰዓት ከሩብ! መንገዱ ተዘጋግቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ እናቴ ከመኪናው መስኮት አውሮፕላን በላይዋ ሲያልፍ አይታ «ያ ሰውዬ ባሕር ዳር ደርሶ ይመለሳል፤ እኛ እዚሁ ነን» ብላለች።

ቅቤው አልፈሰሰም። ጠበሉም ደርሷል። ሕፃኗ እሑድ ክርስትና ትነሣለች፤ ስሟ ወለተ ማርያም ይሆናል።

የቦሌ ተመላላሽ

«ዕጣን አይሸትም» የምትለዋን ለሚስቴ አነበብሁላት። እንኳን ደስ ያላችሁ። ለሕፃኗ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

ነጭ ሽንኩርት

ባለሦስት እግር፣ የሚቀጥለው ወር መጨረሻ እመጣለሁ። ቁጥርህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ለሆቴሉ አልደውልም።

ደንገል

ይቅርታ፣ ውይይቱን ለመዝጋት ስል አንድ ነገር መጣ። እናቴ አሁን ደውላ ነበር። ትናንት አማቿ በጨዋታ መካከል ጎጃምን ዓባይ እንደ ከብት ጉረኖ ከብቦታልና፣ ከባሕር ዳር ሸዋ ለመምጣት ዓባይን መሻገር ግዴታ እንደሆነ ነገራት። «እኔስ መቼ ተሻገርሁ?» አለች። ከደመና በላይ እንደነበረች ነገራት። ዝም አለች። ከዚያ ተቆጣች። ዕድሜዋን ሙሉ በረሃው ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ከአውቶቡሱ መስኮት ስማ ትሻገር ነበር፤ ዘንድሮ ማንም ሳይነግራት አሳለፏት። «ስመለስ በአውቶቡስ ነው» ብላለች። ጉልበትሽስ ብላት «ጉልበቴን ለዓባይ እነግረዋለሁ» አለች። ምን ልበላት?

ሽምብጥ

የመመለሻ ትኬቱን አትሰርዢ። ግን አብራሪው ዓባይ ላይ ሲደርስ በድምፅ ማጉያ የሚናገርበት ጊዜ አለ፤ አስተናጋጆቹን ጠይቀው እንዲነግሯት አጠገቧ ለሚቀመጠው ሰው አደራ በይው። መስኮት ያዢላት።

ቆረሶ

በቀኝ በኩል።

ባለሦስት እግር

በየትኛውም ብትመጣ ሰዓቱን ብቻ ጻፊልኝ። በአውቶቡስ ከሆነ መናኸሪያ እጠብቃታለሁ፤ በአውሮፕላን ከሆነ እሰማታለሁ።